የአውራ ጣት መሐላ

ማርዶን ኬይ፣ ፍሎሪዳ
መጋቢት 9 ቀን 1921

ባሕሩን ተሻግሮ ናሳው ለምትኖረው እህቴ ይድረስ።

እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ ደረጃ ያስወጣሻል ወይስ ዛሬም ምድር ቤት ነው የምታድሪው? ልጆችሽና የልጅ ልጆችሽ፣ ያቺ እኔን ትመስላለች ያልሽኝ ቁጡ ሕፃን ሳትቀር፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? ሐዘኑስ እንዴት አድርጎሻል? ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲመለስ ነው ሐዘን የሚጀምረው፤ አሁን እዚያ ላይ ሳትደርሺ አትቀሪም።

የእኔን ጤና ከጠየቅሽ፣ ዓይኔ ደኅና ነው። በስልሳ ስድስት ዓመቴ ያለ መነጽር አነባለሁ። እግሬ ያው የምታውቂው እግር ነው፣ እኔ ወደ ፊት ስሄድ እሱ ወደ ጎን ይሄዳል። አፌ ግን አመሉን አልተወም። የቀመስኩት ነገር ሁሉ ሬንጅ ሬንጅ ይለኛል። የዔሊ ሾርባውም፣ የጉዋቫ ማርማላታውም፣ የቁርባኑ ወይን እንኳ ሳይቀር። አዲሱ ሐኪም ምላሴን ስቦ አገላብጦ አየና ምንም የለብህም አለኝ። የድሮውም ያለኝ ይህንኑ ነበር።

ደብዳቤሽ ገና ሳይገባ ደርሶኛል። ሳልመልስልሽ ሦስት ወር ሆነ። በየፋሲካው የምትልኪልኝን ደብዳቤ አንብቤ በሳምንቱ የምመልስ ሰው ይህንን ግን አጥፌ ከትራሴ ሥር አስቀመጥኩት። እየቆየሁ አወጣውና ያችኑ አንድ ቦታ አነባለሁ። ባልሽ ዩራያ ሊሞት ሲል እጅሽን ይዞ «ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነበርኩ» ያለሽን። አንቺም «አምንሃለሁ» ማለት አቅቶሽ ዝም ያልሽውን። ዝም እንዳልሽው ፊቱን ወደ ግድግዳው ማዞሩን። ከዚያም የጠየቅሽኝን፦ «አርባ ዓመት ሙሉ አብሬው የተኛሁት ሰው ውሸታም ይሁን አይሁን ሳላውቅ ቀበርኩት። በዓይንህ ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። አሁን ሞቷል፣ ማንንም አትጎዳም፣ ንገረኝ።»

እነግርሻለሁ እህቴ። ለዚህ ነው የተቀመጥኩት። ግን ነገሩ ከፍርድ ቤቱ ጋር የተቆላለፈ ነውና መጀመሪያ የፍርድ ቤቱን ወሬ ስሚኝ።

ፍርድ ቤታችን ሊዘጋ ነው። ዋሽንግተን ያሉት ሰዎች ካርታ ዘርግተው ሲያዩን አንዲት የዝንብ ኩስ መስለናቸው፣ ለዚህች ነጥብ የፌዴራል ፍርድ ቤት ምን ያደርግላታል ብለዋል። ከእንግዲህ ጉዳይ ያለው በእንፋሎት መርከብ ዋናው ምድር ድረስ ይሂድ ተባለ። ሕንፃውን የባሕር መብራቶቹ ኃላፊ ለዘይት በርሜሎቹ ፈልጎታል። እኔን ችሎት አስከባሪውን ለአርባ አንድ ዓመት አገልግሎቴ አመስግነው ወንበሬን ይዤ እንድሄድ ፈቅደውልኛል። ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ነው። ተመሳስለናል።

በሚመጣው ቅዳሜ የመጨረሻው ችሎት ይሰየማል። ከዋናው ምድር ዳኛ ይመጣል፣ ሙዚቀኞችም አሉ፣ በግድግዳውም ላይ የነሐስ ሰሌዳ ይገለጣል። የሰሌዳው ኮሚቴ ሰብሳቢ ማን መሰለችሽ? ወይዘሪት ዩፌሚያ ማሎን፣ የካፒቴን ጆሴፈስ ማሎን ልጅ። ባለፈው ወር ባኞ የሚያክል ኮፍያዋን አድርጋ መጣችና የፍርድ ቤቱን ታሪክ ጻፍልን፣ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም አለችኝ። ጻፍኩላት። ከጻፍኩት ግማሹን ሰረዘችው።

መጀመሪያ ችሎቱ የዓሣ መጋዘን ፎቅ ላይ እንደነበረ ሰረዘች። ለከተማው ክብር አይመችም አለች። ዳኛው ከታች የሚመጣውን ሽታ ለመቋቋም የተቆረጠ ሎሚ አፍንጫው ላይ ይዞ ይፈርድ እንደነበር አባታችን ሲያወራ አንቺም ትሰሚ ነበር። በዐውሎ ነፋሱ ዓመት መጋዘኑ ከነመዝገቡ ባሕር ገብቶ አንድ ገበሬ መዝገቡን ከሁለት ሳምንት በኋላ ከባሕር ዳሩ የማንግሮቭ ዛፍ ሥር እንዳገኘውም ሰረዘች። ቀዩን የጡብ ሕንፃ፣ የብረት ደረጃውንና አናቱ ላይ ያለችውን የእንጨት ማማ ግን ወደደቻቸው። እነሱን በሁለት ገጽ አስፋልኝ አለች።

ይህን ሁሉ የሠራልን ዐለቱ መሆኑን ግን ማንም ሊሰርዘው አይችልም። ያ በውሃ ሥር የተኛ ዐለት ባይኖር መርከብ አይሰበርም፣ መርከብ ባይሰበር ጭነቱን አድኖ ድርሻውን የሚወስድ አዳኝ አይኖርም፣ አዳኝ ባይኖር ለምን ዳኛ ያስፈልጋል? እኛ ደሴተኞች ለመርከበኞች ደኅንነት እየጸለይን ዓይናችንን ከዐለቱ አንነቅልም ነበር። ፓስተራችን እንኳ ስብከት ላይ ሆኖ «መርከብ ተሰበረ!» የሚል ጩኸት ሲሰማ አሜኑን ሳይጨርስ ይወርድ ነበር። ሕጉንም አንቺ አትረሺውም፤ በተሰበረችው መርከብ ላይ ቀድሞ እግሩን ያሳረፈ ካፒቴን የማዳኑ ሥራ አለቃ ይሆናል፣ ሌላው ሁሉ በሱ ትእዛዝ ያድራል። ቀዳሚው ማን እንደሆነ ጠብ ከተነሳ ደግሞ የሚለየው ፍርድ ቤቱ ነው። በሐሰት ምሎ የተያዘ ካፒቴን ፈቃዱን ይነጠቃል፣ ዳግም በዐለቱ ዙሪያ ጀልባ አይዝም።

ወይዘሪት ዩፌሚያ በቀይ መስመር ከሰረዘችው ሁሉ አንድ ነገር ነው ያሳዘነኝ። ስለ አውራ ጣቱ የጻፍኩትን ነው። አንቺ ሴት ነሽና ያኔ ችሎት አልቆምሽም፣ ላታውቂው ትችያለሽ። ምስክር ሲቀርብ ችሎት አስከባሪው መጽሐፍ ቅዱሱን ይዘረጋለታል፣ እሱም በቀኝ እጁ ይዞ ሽፋኑን ይስማል። ሊዋሽ የመጣ ሰው ግን አውራ ጣቱን ከሽፋኑ ጥግ አስቀድሞ ያሳርፍና መጽሐፉን ትቶ የገዛ ጣቱን ይስማል። እንዲህ ከሆነ መሐላው አይያዝም ይላሉ። እግዚአብሔር መጽሐፉ ካልተሳመ አይቆጥረውም ይላሉ። ይህን ያመጡት ናሳው በኩል ካሉት ደሴቶች የመጡ አያቶቻችን ናቸው፤ ዐለቱን በውሃው ቀለም የሚያነቡ ብልሆች፣ ጌታን ግን እንደ ዋሽንግተን ሰው የሩቅ ባለሥልጣን ያደረጉት። አርባ አንድ ዓመት መጽሐፉን ስዘረጋ ስንቱን ጣት አየሁ መሰለሽ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጣት፣ የእንጀራ አባታችን ጣት። ለአንድም ዳኛ ተናግሬ አላውቅም። በእኛ ደሴት የጎረቤቱን ጣት ለመንግሥት የሚያሳይ ሰው የለም፤ ደግሞም እኔ ማን ነኝና።

እንግዲህ ወደ ጉዳይሽ ደረስኩ።

የታጫችሁበትን እራት ታስታውሻለሽ? ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ዩራያን ለብቻው አግኝቼ በጀልባው በእርግቢቱ ላይ ምክትሉ እንዲያደርገኝ ለምኜው ነበር። ያኔ የማማ ጠባቂ ነበርኩና ማማው ላይ በሩቅ ማያ መነጽር ባሕር ሳይ መዋል ሰልችቶኝ፣ መርከብ ተሰበረ ብዬ ጮኼ ሌሎች ሲሮጡ ማየት ሰልችቶኝ ነበር። አስብበታለሁ አለኝ። በእራቱ ላይ መጠጥ ቀመስ ሲያደርግ ግን ተነሳና በሰው ሁሉ ፊት «አማቼን ማማው ላይ ያስቀመጠው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ጀልባዬ ላይ ቢሆን ኖሮ ያ እግሩ መልሕቅ መስሎን ባሕር ውስጥ እንጥለው ነበር» አለ። ክፋት አልነበረውም። ዛሬ ሳስበው ክፋት የሚባል ነገር ያ ሰው አልነበረውም። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ፤ ቃሉን ግን አልረሳሁትም።

በወሩ ያቺ ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ ጥጥ ጭና ዐለቱ ላይ ወጣች። ጠዋት ነው። ሰማዩ ደፍኖ፣ ፀሐይ እስከ ቀትር ድረስ ያልወጣችበት ጠዋት። ይህን ልብ በይልኝ። ማማው ላይ ሆኜ እኔ ነኝ የጮኽሁት። እርግቢቱ በአንድ በኩል፣ የማሎን ጀልባ በሌላው በኩል ደረሱ፤ ሁለቱም ካፒቴኖች ተንጠላጥለው ወጡ፤ ሁለቱም እኔ ቀደምኩ አሉ። የዩራያ ሰዎች ለዩራያ፣ የማሎን ሰዎች ለማሎን እንደሚምሉ የታወቀ ነው። የማንም ሰው ያልሆነ ምስክር አንድ ብቻ ነበር። ሁሉም ወደ ማማው ቀና አሉ።

ከችሎቱ በፊት በነበረው ቀን ማሎን ጀልባ ማቆሚያው ጋ አገኘኝ። ስለ መርከቢቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እናታችንን ጠየቀኝ፣ ጉልበቴን ጠየቀኝ። ከዚያ ሊሄድ ብሎ ዞር አለና «ችሎት አስከባሪው አርጅቷል። ዳኛው ድምፁ የሚሰማ፣ ዘመድ የማያይ ሰው ፈልግልኝ ብሎኛል። ሥራው ጥላ ሥር ነው፣ ወንበርም አለው» አለኝ። ይኸው ነው። አድርግ አላለኝም፣ አታድርግ አላለኝም። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ማንንም ሰው በክፉ ማንሳት ያልቻልኩት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ እህቴ።

በማግስቱ ማለዳ የትንሿ ጀልባዬን ሆድ ሬንጅ እየቀባሁ ሳለ መልእክተኛ መጣ። ከሰዓት ይሰማል የተባለው ችሎት ወደ ጠዋት ዞሯል፣ ፈጥነህ ና አለኝ። እጄን በላምባ ፈተግሁ፣ በአሸዋ ፈተግሁ። ሌላው ለቀቀ፣ የቀኝ አውራ ጣቴ ግን እምቢ አለ። እንደዚያው ሄድኩ።

ዳኛው ማን ቀደመ አለኝ። ማሎን አልኩ። ያን ቀን የተናገርኩት ይህንኑ ነው፣ አንድ ስም። ዩራያ ከተቀመጠበት ሳይነሳ አየኝ። ዳኛውም «የገዛ እህቱን እጮኛ የሚጎዳ ቃል የሚናገር ሰው ከእውነት በቀር ምን ያስገድደዋል?» አለና ዩራያ በሐሰት ምሏል ብሎ ፈረደ፣ ፈቃዱንም ነጠቀው። የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ። ሰው በመንገድ ሲያገኘው ወደ ማዶ መሻገር ጀመረ። እርግቢቱ ተሸጠች። ተጋብታችሁ በጭነት ጀልባ ናሳው ገባችሁ፤ ዩራያም በሰው ጀልባ ለሰው የባሕር ሰፍነግ ሲለቅም ጀርባው ጎበጠ። በየፋሲካው ደብዳቤሽ መጨረሻ «ዩራያ ሰላም ይልሃል። አይዞህ፣ ፀሐይዋ ዓይንህን ወግታህ ይሆናል፣ ያየህ የመሰለህን ነው የተናገርከው ይልሃል» ትይኝ ነበር። አርባ ጊዜ። አንድ ጊዜ እንኳ ቢሰድበኝ ምን ነበረበት?

በሳምንቱ እኔ ችሎት አስከባሪ ሆንኩ። ሽማግሌው መጽሐፍ ቅዱሱን ሲያስረክበኝ የቀኝ መዳፌን ይዞ ከሽፋኑ ጥግ ላይ አሳረፈውና «ሁልጊዜ እዚህ ጋ ያዘው፣ ልጄ። እኔ አላየሁም፣ ሌላ ሰውም እንዳያይ» አለኝ። ምኑን እንዳላየ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። እንዳለኝ እዚያው ጋ ይዤ አርባ አንድ ዓመት ቆምኩ። በየማለዳው ደረጃው ላይ ወጥቼ «ጉዳይ ያለው ሁሉ ይቅረብ፣ ይሰማል!» እያልኩ ጮህኩ። ድምፄ ወደብ ድረስ ይሰማል ይሉ ነበር። ናሳው ድረስ ግን አይደርስም።

ዐለቱ ላይ መርከብ የሚያስጠነቅቁ መብራቶች ተተከሉ፣ መርከብ መሰበሩ ቀረ፣ ችሎቱም የኮንትሮባንድ አረቄና የተሰረቀ ሰፍነግ ጉዳይ ብቻ ሲያይ ከረመ። እኔ አላገባሁም። የሬንጅ አፍ ማን ይስማል? ማሎን ሀብቱን ጠግቦ፣ አርጅቶ፣ በአልጋው ላይ ሞተ። ፓስተሩ ቀብሩ ላይ የቀዳሚነቱን ታሪክ ተናገረ።

ወይዘሪት ዩፌሚያ ከረቂቄ ላይ ምኑን እንዳስቀረችው ታውቂያለሽ? የሁለቱን ካፒቴኖች ክርክር። የታሪኩ ጌጥ እሱ ነው አለችኝ። ለሰሌዳው የሚሆነውን ቃል ራሷ አዘጋጅታ ወንበሬ ድረስ መጥታ አነበበችልኝ፦ «በዚህ ችሎት በ1880 አንድ የማማ ጠባቂ ከሥጋ ዘመዱ እውነትን መረጠ።» ከሥሩ ስሜ አለ። «ከበዛብዎት እናሳጥረው?» አለችኝ፤ ልጅቷ እንደ አባቷ አይደለችም፣ የዋህ ናት፣ የምታምነውን ነው ያነበበችው። ደኅና ነው አልኳት። ዛሬም አንደበቴ ያው ነው፣ ያኔ አንድ ስም፣ አሁን ሁለት ቃል። ነሐሱ ተቀርጾ መጥቷል። ዛሬ ጠዋት በጨርቅ ተሸፍኖ ግድግዳው ላይ ሲሰቅሉት መሰላሉን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ ነበር እናታችን። እኔ አምሽቼበታለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጥቅል ይደርስሻል። አናናስ ጭና የምትመላለሰዋ ጀልባ ካፒቴን እጅ በእጅ እንደሚሰጥሽ ምሎልኛል፣ ሳልጠቀልለውም መጽሐፉን አስሜዋለሁ፤ ጣቱን ሳይ ነበር፣ በደንብ ስሟል። ጥቅሉ ውስጥ ያለው የፍርድ ቤቱ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በንብረት መዝገብ ላይ ከቀለም ብልቃጦቹ ጋር ተመዝግቦ ወደ ዋናው ምድር ሊጫን ነበር። ቅዳሜ ዕለት እንግዳው ዳኛ መጽሐፉን አምጣ ይለኛል፣ እኔም ባዶ እጄን እቆማለሁ። ወዴት ሄደ ቢሉኝ ጉዳዩ ላልተሰማላት ሴት ሄደ እላለሁ። ከዚያ በኋላ የሚጠይቁኝ ካለ ይጠይቁኝ፣ ሰሌዳው ከነጨርቁ ከጎኔ ይሆናል። ሽማግሌን ቢያስሩት ስንት ጊዜ ያስሩታል።

መጽሐፉን ስትፈቺ ከጠረጴዛሽ ላይ ብርሃን ባለበት አኑሪው። የፊት ሽፋኑን ተመልከቺ፤ መሐሉ በከንፈር ብዛት ቆዳው ነጥቷል። ቀጥሎ የታችኛውን ቀኝ ጥግ ተመልከቺ፣ አርባ አንድ ዓመት ከመዳፌ ሥር የነበረውን። ጥቁር ነው። በላምባ ሞክሬዋለሁ፣ አይለቅም። የጣት መስመሮቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። ዓይንሽ ቢደክም የልጅ ልጅሽን፣ ያቺን እኔን የምትመስለዋን፣ ምን ይመስላል ብለሽ ጠይቂያት፤ ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

ካየሽ በኋላ ዩራያ መቃብር ዘንድ ሂጂና ያን ዕለት ያቃተሽን ቃል ንገሪው። ዘግይቷል። ያዘገየሽው ግን አንቺ አይደለሽም።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ። ልጆችሽ ቀና ባሕር፣ ታማኝ ጎረቤት ያግኙ። ቤትሽ ውስጥ የማንም ዝምታ አይደር። እኔን ይቅር እንድትይ አልለምንሽም፤ በየፋሲካው ስትልኪልኝ የኖርሽውን ሳልጨርስ ሌላ መለመን ነውር ነው። ለዚህ ፋሲካ ግን ባትጽፊልኝ እረዳለሁ።

ቃሉን ካልነሳሽኝ፣
ወንድምሽ